ያረጀ ዕቃም አደራ ነው፦ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን በእስልምና አስተምህሮ ማስተማር

በእስራኤል ከተሞች የምንኖር ሁሉ አንድ ጥሪ እናውቃለን። አሮጌ የጭነት መኪና በዝግታ እየነዳ፣ በድምፅ ማጉያ «አልቴ ዛኽን! አልቴ ዛኽን!» እያለ በየመንደሩ የሚያልፈው ሰው ጥሪ ነው። ቃሉ የይዲሽ ሲሆን ትርጉሙ «አሮጌ ዕቃዎች» ማለት ነው። አዲስ አበባን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ «ቆራሌው!» የሚለውን ድምፅ ያስታውሰዋል። ሰውየው የተበላሸ ፍሪጅ፣ የማይሠራ ቴሌቪዥን፣ አሮጌ ኮምፒዩተር ይወስድልናል። እኛም ቤታችን ስለተለቀቀልን ደስ ይለናል። «ዕቃው ከዚህ ወዴት ይሄዳል? ማን ይፈታዋል? ጭሱንስ ማን ይተነፍሰዋል?» ብለን ግን አንጠይቅም።

ሙስሊም መምህራን፣ ኢማሞችና ተመራማሪዎች የአካባቢ ጥበቃን ጉዳይ ከቁርኣንና ከሐዲስ ተነሥተው ማስተማር ከጀመሩ ቆይተዋል። ይህ ትምህርት ወደ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሲዞር ምን ይመስላል? የትኞቹ የእስልምና እሴቶች ለዚህ ያገለግላሉ? እኛንስ እንደ ጎረቤት ለምን ይመለከተናል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ለማብራራት እንሞክራለን።

የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ምንድን ነው?

በቀላል አነጋገር በኤሌክትሪክ ወይም በባትሪ የሚሠራ ማንኛውም ዕቃ ባለቤቱ ሲጥለው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ይሆናል። ስልክ፣ ቻርጀር፣ ኮምፒዩተር፣ ቴሌቪዥን፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ፍሪጅ፣ ብርሃን የሚያበራ የልጆች መጫወቻ ሳይቀር በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ዘገባ መሠረት፣ በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተጥሏል። ከዚህ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ2030 መጠኑ 82 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ዘገባው ይገምታል።

ይህ ቆሻሻ ከሌላው ቆሻሻ የሚለየው መርዝና ሀብት በአንድ ላይ የያዘ በመሆኑ ነው። በውስጡ ወርቅ፣ ብርና መዳብ አለ። እንዲያውም አንድ ቶን አሮጌ የሞባይል ስልክ፣ ከወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ከሚወጣ አንድ ቶን ድንጋይ ይልቅ ብዙ ወርቅ ይዟል። በሌላ በኩል ደግሞ በአሮጌ ቴሌቪዥን መስተዋት ውስጥ እርሳስ፣ በአንዳንድ ባትሪዎች ውስጥ ካድሚየም፣ በቀድሞ ጠፍጣፋ ስክሪኖች መብራት ውስጥ ሜርኩሪ ይገኛል። የኤሌክትሪክ ኬብል ለመዳቡ ተብሎ ሲቃጠል የፕላስቲክ ሽፋኑ ዳዮክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ ይለቃል። ሀብቱ ሰውን ወደ ዕቃው ይስበዋል፤ መርዙ ግን ሳይታይ ይከተለዋል።

ከቤታችን ብዙም የማይርቅ ታሪክ

ከሔብሮን በስተ ምዕራብ፣ በአረንጓዴው መስመር አጠገብ፣ ኢድና፣ ዴር ሳሚት፣ ቤት አዋና አል-ኩም የሚባሉ የፍልስጤማውያን መንደሮች አሉ። ነዋሪዎቻቸው ሙስሊሞች ናቸው። ሁለተኛው ኢንቲፋዳ በ2000 ከተነሣ በኋላ ወደ እስራኤል ገብቶ መሥራት እየጠበበ ሲሄድ፣ ብዙ ቤተሰቦች ከእስራኤል የሚመጣ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ በመፍታት እንጀራቸውን ማግኘት ጀመሩ። ከየሰፈራችን «አልቴ ዛኽን» እየተባለ የሚሰበሰበው ዕቃ ብዙው ጉዞውን የሚጨርሰው እዚያ ነበር።

ሥራው ሁሉ ክፉ አልነበረም። የሚጠገነው ይጠገናል፣ የሚሸጠው ይሸጣል፣ ብረቱ በየዓይነቱ ይለያል። ችግሩ የመጣው በተለይ ኬብል ከማቃጠል ነው። ማቃጠል ገንዘብ አያስወጣም፣ ፈጣን ነው፣ መዳቡም ቶሎ ይገኛል። ስለዚህ በሸለቆዎችና በእርሻ ዳር፣ ብዙውን ጊዜ በሌሊት፣ እሳት ይነድ ነበር። ጭሱ ወደ መኖሪያ ቤቶች ይገባል፤ አመዱ ከነእርሳሱ በአፈር ላይ ይቀራል። ጆን-ማይክል ዴቪስ እና በቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ያዕቆብ ጋርብ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህን አካባቢ ለዓመታት አጥንተዋል። በ2019 ባወጡት ጥናት የማቃጠያ ቦታዎች በበዙበት አካባቢ ሊምፎማ የሚባለው የካንሰር ዓይነት በሕፃናት ላይ በብዛት መታየቱን አሳይተዋል። እንዲህ ያለ ጥናት የቦታ ዝምድናን ያሳያል እንጂ ለእያንዳንዱ ሕፃን ሕመም ምክንያቱን አያረጋግጥም። ቢሆንም ዝምድናው ብርቱ ነው፤ ማንም ወላጅ ሰምቶ ዝም የሚለው ነገር አይደለም።

ሕጉ እያለ ሃይማኖት ለምን?

«ይህ የመንግሥትና የሕግ ጉዳይ ነው፤ ሃይማኖት ምን አገባው?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሌሊት ሸለቆ ውስጥ እሳት የሚለኩስን ሰው ፖሊስ ሁልጊዜ አያየውም። ሁለት መንግሥታት በሚነካኩበት ድንበር ላይ ደግሞ ሕጉን የሚያስከብረው ማን እንደሆነ እንኳ ግልጽ አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ ሰውን የሚይዘው በውስጡ ያለው ፍርሃትና እምነት ነው።

ለዚህ ከአፍሪካ የመጣ ጥሩ ምሳሌ አለ። በዛንዚባር፣ ከፔምባ ደሴት አጠገብ ሚሳሊ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ዓሣ አጥማጆች በድማሚት ዓሣ ሲያጠምዱ የባሕሩን ኮራል ያወድሙ ነበር፤ የመንግሥት ክልከላ ብቻውን አላስቆማቸውም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር የሚኖሩት ፋዝሉን ኻሊድ የመሠረቱት የእስልምና የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ከአገሩ የሃይማኖት መሪዎች ጋር ሆኖ ትምህርት መስጠት ጀመረ። ትምህርቱ የተነሣው ከዓሣ ሕግ ሳይሆን ሰው በምድር ላይ ያለበትን ኃላፊነት ከሚናገረው ቁርኣን ነው። ለአጥማጆቹ ነገሩ የራሳቸው ሆኖ ስለተሰማቸው ብዙዎቹ ልማዳቸውን ቀየሩ።

በኢንዶኔዥያ ደግሞ የአገሪቱ የዑለማዎች ምክር ቤት በ2014 ቁጥር 47 በሆነው ፈትዋ ስለ ቆሻሻ ግልጽ ውሳኔ ሰጥቷል። ገና የሚጠቅምን ዕቃ መጣል ወይም ራስንና ሌላውን በሚጎዳ ሁኔታ ቆሻሻ መጣል ሐራም ነው፤ ቆሻሻን ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል አድርጎ መልሶ መሥራት ደግሞ የማኅበረሰቡ የጋራ ግዴታ ነው ይላል። «የጋራ ግዴታ» ማለት የተወሰኑ ሰዎች ከሠሩት ሌላው ነጻ ይሆናል፣ ማንም ካልሠራው ግን ሁሉም ይጠየቃል ማለት ነው።

መምህሩ የሚጠቀምባቸው እሴቶች

አንደኛው አማና ነው። ይህን ቃል በአማርኛ ለማስረዳት ብዙ አንደክምም፤ አደራ ማለት ነውና። ቁርኣን በምዕራፍ 33 ላይ ሰማያትና ምድር ተራሮችም ሊሸከሙት የፈሩትን አደራ ሰው እንደተሸከመ ይናገራል። በዚህ አስተሳሰብ ሰው የምድር ባለቤት ሳይሆን ኸሊፋ፣ ማለትም የተሾመ ጠባቂ ነው። ስልኩን በገንዘቤ ገዛሁት ቢልም ወርቁም መዳቡም የተቆፈረበት ምድር የእርሱ አይደለም። በእኛም ባህል «አደራ በላ» መባል ከሌባ የከፋ ስድብ ነው። ዕቃውን ተጠቅሞ መርዙን ለሌላው ልጅ መተው አደራ መብላት ነው ቢባል ለማንም ግልጽ ይሆናል።

ሁለተኛው ኢስራፍን መከልከል ነው፤ ይኸውም ከልክ ያለፈ አጠቃቀም ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ከባልደረቦቻቸው አንዱ ለሶላት ሲታጠብ ውኃ ሲያበዛ አይተው እንደገሠጹት፣ በሚፈስ ወንዝ ዳር ቢሆን እንኳ ማባከን ማባከን እንደሆነ እንደነገሩት ይተረካል። ትምህርቱ ለዛሬ ዘመን ይስማማል። ስልኩ እየሠራ አዲስ ሞዴል ስለወጣ ብቻ የሚለውጥ ሰው በወንዝ ዳር ውኃ እንደሚያፈስሰው ነው። ነቢዩ ጫማቸውን ራሳቸው ይጠግኑ፣ ልብሳቸውን ይሰፉ እንደነበርም ባለቤታቸው ዓኢሻ ተናግረዋል። ስለዚህ ጥገና የድሃ ነውር ሳይሆን የተከበረ ሥራ ነው። የመርካቶውን ምናለሽ ተራ ያየ ሰው ይህን ትምህርት በቀላሉ ይረዳዋል።

ሦስተኛው ከተጣለ ነገር ጥቅም ማውጣት ነው። ነቢዩ በሞተች በግ አጠገብ ሲያልፉ ቆዳዋን ለምን እንዳልተጠቀሙበት ጠየቁ የሚል ሐዲስ አለ። «የሞተች ናት» ሲሏቸው፣ የተከለከለው መብላቷ ብቻ እንደሆነ አስረዱ። ቆዳው ግን እንዲሁ አይወሰድም፤ ተለፍቶ መጽዳት አለበት። ለኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የሞተ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው መዳብ ሀብት ነው፤ መጣል የለበትም። ነገር ግን የሚወጣበት መንገድ ንጹሕ መሆን አለበት፤ በእሳትና በአሲድ ሊሆን አይገባም።

አራተኛው ጉዳትን መከልከል ነው። በእስልምና ሕግ ውስጥ ራስንም ሌላውንም መጉዳት እንደማይፈቀድ የሚናገር ከሐዲስ የመጣ ታላቅ መሠረተ ሐሳብ አለ። ኦቶማኖች በ19ኛው መቶ ዘመን ባወጡት መጀላ በተባለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥም ተጽፏል። ይህ ሕግ በዚህች አገር ለረጅም ዘመን ይሠራበት የነበረ ሲሆን በእስራኤል በይፋ የተሻረው በ1984 ነው። መጀላው ሦስት ነገሮችን ያስተምራል። ጉዳት መወገድ አለበት፤ ጉዳት ግን በሌላ ጉዳት አይወገድም፤ ጉዳትን መከላከል ጥቅምን ከማግኘት ይቀድማል። የመጨረሻው ለኬብል አቃጣዩ የሚነገር ነው፤ የመዳቡ ዋጋ ከልጆቹ ሳንባ አይበልጥም። መካከለኛው ግን ዕቃውን ለላክን ለእኛ የተነገረ ይመስላል። ከቤቴ የወጣው መርዝ የጎረቤት መንደር ከገባ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተወገደም።

አምስተኛው መንገድን ማጽዳት ነው። ሰውን የሚጎዳ ነገር ከመንገድ ላይ ማንሳት ከእምነት ቅርንጫፎች አንዱ እንደሆነ ሐዲስ ያስተምራል። በሌላ ሐዲስ ደግሞ የውኃ መቅጃን፣ መንገድንና ሰው የሚያርፍበትን ጥላ ማቆሸሽ እርግማን የሚያመጣ ሥራ ተብሏል። የጋራ ቦታ ይከበራል ማለት ነው። አየሩና የከርሰ ምድር ውኃውም የጋራ ናቸው።

አምስቱ ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች

በ1111 ያረፉት ታላቁ ሊቅ አል-ገዛሊ የሃይማኖት ሕግ ዓላማ አምስት ነገሮችን መጠበቅ ነው ብለው ጽፈዋል። እነርሱም ሃይማኖት፣ ሕይወት፣ አእምሮ፣ ዘርና ንብረት ናቸው። አንድ የመድረሳ መምህር እነዚህን በሰሌዳው ላይ ቢጽፍ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሁሉንም እንደሚነካ ለተማሪዎቹ ማሳየት ይችላል።

ሕይወት ሲባል ጭሱን የሚተነፍሰው ሠራተኛ ይታሰባል። አእምሮ ሲባል እርሳስ ይታሰባል። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ምንም ጉዳት የሌለው መጠን አልተገኘለትም። ዘር ሲባል እርጉዝ ሴቶች ይታሰባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ስለ ሕፃናትና ስለ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ባወጣው ዘገባ በጽንስና በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን አደጋ ዘርዝሮ አስጠንቅቋል። ንብረት ሲባል በከንቱ የሚቀበረው ወርቅና መዳብ እንዲሁም መርዝ የገባበት የገበሬ መሬት ይታሰባል። ሃይማኖት ሲባል ደግሞ ይህን ሁሉ እያወቀ ዝም የሚል አማኝ ራሱን ይጠይቃል።

ትምህርቱ በተግባር እንዴት ይሰጣል?

መምህሩ በመጀመሪያ አንድ የሞተ ስልክ ይዞ ወደ ክፍል ቢገባ ከብዙ ንግግር ይሻላል። «ይህ ከየት መጣ? ውስጡ ምን አለ? ነገ ቆሻሻ ውስጥ ብጥለው ማን እጅ ይገባል?» ብሎ ይጠይቃል። ልጆቹ ከመለሱ በኋላ የበጓን ታሪክ ይነግራቸዋል። ከዚያም እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጡ አሮጌ ስልኮችን፣ ቻርጀሮችንና ባትሪዎችን ቆጥሮ እንዲመጣ የቤት ሥራ ይሰጣል። ባትሪውን ግን ማንም ልጅ እንዳይወጋው፣ እንዳይከፍተው ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሊቲየም ባትሪ ሲበሳ እሳት ይነሣልና።

ኢማሙ ደግሞ በጁምዓ ኹጥባው ስለ አደራ ሲያስተምር አንድ ምሳሌ ከዚህ ቢጨምር፣ በመስጊዱ በር ላይም የስልክና የባትሪ ማጠራቀሚያ ሣጥን ቢያስቀምጥ፣ ቃሉ ወዲያው ሥራ ይሆናል። የተሰበሰበው ለታወቀና ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ ይሰጣል፤ ገንዘብ ከተገኘበት ለሶደቃ ይውላል። በአሮጌ ስልክ ውስጥ የቀሩ ፎቶግራፎችና መልእክቶችም አደራ ስለሆኑ ከመስጠት በፊት መጥፋት እንዳለባቸው ማስተማር ይገባል።

ስለ ሶደቃ ከተነሣ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቁርኣን በምዕራፍ 2 ላይ አንድ ሰው ራሱ ቢሰጠው ዓይኑን ጨፍኖ ካልሆነ በቀር የማይቀበለውን መጥፎ ነገር ለሌላ እንዳይሰጥ ያዝዛል። ለብዙ ዓመታት «እርዳታ» ወይም «ያገለገለ ዕቃ» እየተባለ ወደ አፍሪካ ከተላከው ኮምፒዩተር ጥቂት የማይባለው የማይሠራ ነበር። በጋና ዋና ከተማ በአክራ የነበረውና በ2021 የፈረሰው አግቦግብሎሺ የተባለው የቁርጥራጭ ገበያ በዚህ ይታወቅ ነበር። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከሰሜን ጋና የመጡ ሙስሊም ወጣቶች ነበሩ። የባዝል ስምምነት በሚባለው ዓለም አቀፍ ውል ላይ በተደረገው ማሻሻያ መሠረት፣ ከጥር 2025 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን ያለ ተቀባዩ አገር ቅድመ ፈቃድ ወደ ሌላ አገር መላክ አይቻልም። የማይሠራ ዕቃ መስጠት ግን ሕጉ ከመውጣቱ በፊትም ምጽዋት አልነበረም።

ስብከት ብቻውን አይበቃም

አንድ እውነት መደበቅ የለብንም። ልጆቹ የሚበሉት የሌለው ሰው «ማቃጠል ሐራም ነው» ቢባል አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ ሌሊት ግን እሳቱን ይለኩሳል። እርሱም ጭሱን የሚተነፍሰው ወዶ አይደለም። ስለዚህ ትምህርቱ አማራጭ ይዞ መምጣት አለበት። ኬብልን ከማቃጠል ይልቅ በማሽን ፈጭቶ መዳቡን ከፕላስቲኩ መለየት ይቻላል፤ መዳቡም ሳይቃጠል ስለሚወጣ ይበልጥ ንጹሕ ነው። በሔብሮን መንደሮችም ይህን ዘዴ ለማስገባትና የማቃጠያ ቦታዎችን ለማጽዳት ጥረት ተደርጓል። ኢማሙ ስለ ጉዳት ሲያስተምር ማሽኑም በቅርብ ካለ፣ ሰውየው ሃይማኖቱንም እንጀራውንም ይዞ መኖር ይችላል። ማሽኑ ከሌለ ግን ሸክሙ ሁሉ በድሃው ላይ ይወድቃል፤ ይህም ራሱ ፍትሕ አይደለም።

እኛስ ምን እናድርግ?

ከዚህ በላይ የተባለው ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ብቻ የሚነገር አይደለም። ዕቃው ከእኛ ቤት ነው የሚነሣው። በእስራኤል በ2012 የወጣውና ከመጋቢት 2014 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኤሌክትሪክ ዕቃዎችና የባትሪዎች ሕግ ለሸማቹ መብት ሰጥቶታል። አዲስ ፍሪጅ ወይም የልብስ ማጠቢያ ማሽን ስትገዙ ሻጩ ተመሳሳዩን አሮጌ ዕቃ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የመውሰድ ግዴታ አለበት። ብዙ ሰዎቻችን፣ በተለይም ቋንቋው የሚያስቸግራቸው አዛውንቶች፣ ይህን ስለማያውቁ አሮጌውን ዕቃ ደረጃ ላይ ያስቀምጡታል፤ ወይም ለሚያልፈው መኪና ይሰጡታል። ስለዚህ ዕቃውን ስታዝዙ «አሮጌውን ትወስዳላችሁ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ያለቀ ባትሪ በየሱቁ በሚገኘው የባትሪ ሣጥን ውስጥ ይጣላል። ለሌላው ዕቃ የመሰብሰቢያ ቦታው የት እንደሆነ የከተማችሁን ማዘጋጃ ቤት መጠየቅ ይቻላል። ልጆቻችሁ ዕብራይስጡን ስለሚችሉት ስልክ እንዲደውሉላችሁ አድርጉ፤ እነርሱም ይማሩበታል።

አማና ብለን በዓረብኛ ብንጠራውም፣ አደራ ብለን በአማርኛ ብንጠራውም ነገሩ አንድ ነው። የጣልነው ዕቃ ከዓይናችን ራቀ ማለት ከኃላፊነታችን ወጣ ማለት አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ «አልቴ ዛኽን» የሚለውን ጥሪ ስንሰማ፣ በጭሱ አጠገብ የሚያድገውንም ልጅ እናስብ።